ዘጠኝ ነፍስ ያለው ካሴት

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ዛሬ ቀን ቆረጠልን፤ ኅዳር 23። ዕጢው የባለቤቴን ቀኝ ጆሮ ከበላ አምስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ግራውን ይዞታል። ካልወጣ ሕይወቷን ይወስዳል፣ ከወጣ ደግሞ የቀረችውን መስሚያ ይዟት ይሄዳል። «ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምንም አይሰሙም እናቴ፤ ከወዲሁ መዘጋጀት ነው» አላት፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ። ለዚህ ደግሞ እንዴት ነው የሚዘጋጁት ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ውጭ ውጭውን እያየች፣ «ድምጿን ረሳሁት» አለችኝ። «ፊቷ አለኝ። አሯሯጧም አለኝ። ድምጿ ግን ጠፋብኝ። ሳልደነቁር አንዴ ብሰማት ምን ነበረበት?»

 ልጃችን ከሞተች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። እግሯ መሬት ላይ ስለማይረጋ ፌንጣ ነበር የምንላት።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

ድምጿ አለ። ከትናንት ጀምሮ ከራሴ አልወጣ ያለው ይኼ ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ አለ።

ነገሩን ለራሴም ቢሆን ከሥሩ ልጻፈው። ያኔ እኔና ጓደኛዬ ሳቂታው የቲቪ ጌም ካሴት እየገለበጥን የምንሸጥ ሰዎች ነበርን። የጌሞቹ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ናቸው፤ እነሱ እኛን አያውቁንም፣ እኛም ፈቃድ የሚባል ነገር አናውቅም። ከሁሉ በላይ የተሸጠልን «ባልዲው» ነው። አንድ ሰውዬ ውኃ የሞላ ባልዲ ተሸክሞ ከጣራ ጣራ እየዘለለ እሳት ሊያጠፋ ይሄዳል፤ ከደፋው አለቀለት። ይህንኑ አንድ ጌም ለሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ነበር የምንሠራው። ለወደቡ ከተማ ሦስት ነፍስ ብቻ እንሰጠዋለን፤ እዚያ ጌም ቤቶቹ በጨዋታ ነው የሚያስከፍሉት፣ ልጁ ቶሎ ካልሞተ ባለቤቱ ይከስራል። የመጨረሻውን ደረጃም ማን ይደርስበታል ብለን ቆርጠን ጥለነዋል። ጠረፍ ላይ ሁሉም የሚያነበው የየራሱን ፊደል ነው፤ ስለዚህ ለነሱ ጽሑፉን በሙሉ አወጣንና ሰውዬው በሞተ ቁጥር ሳቂታው ራሱ ከት ብሎ እንዲስቅ አደረግን። ስሙም ከዚያ ወጣለት። ለተራራው ከተሞች ግን ዘጠኝ ነፍስ ነበር። እዚያ ብርዱ ልጆቹን ቤት ያውላቸዋል፤ ሲሸነፉ እያለቀሱ ካሴቱን ያስመልሱብናል ብለው ነጋዴዎቹ አማረሩ። ታዲያ ሲሸነፉ የሚያጽናናቸው ድምፅ እንጨምር ተባባልን። የልጅ ድምፅ።

ፌንጣን ወንበር ላይ አቁሜ በቴፕ ቀዳኋት። «አይዞህ አባዬ፣ እንደገና!» አለች። ልጆቹን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ችግሩ ቺፑ ጠባብ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ቦታ ይበላል። «አባዬ» የምትለዋን ቆርጬ አወጣኋት። አንድ ዙር ብቻ ትልቁን ቺፕ አግኝተን ነበር፤ በዚያኛው ላይ ሳልቆርጥ ትቼው ይሆን? አላስታውስም። ቴፑ ላይ በሳምንቱ የሳቂታውን ሳቅ ደርቤ ቀዳሁበት። ቴፕ አይገኝም ነበር፤ ልጅ ግን ሁልጊዜ ያለች ነው የምትመስለው።

እሷን መስማት የሚቻለው እንግዲህ በተራራው ካሴት ብቻ ነው፤ ያውም ተሸንፎ።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

አሮጌ ዕቃ ተራ ዋልኩ። አራት ባልዲው አገኘሁ። ሦስቱ የወደብ። አራተኛው ሽፋኑ የተራራው ቢጫ፣ ሆዱ የጠረፍ፤ አንዱ ብልጥ ቀያይሮታል። ካቻቢቴ አውጥቼ እዚያው ስከፍተው ሻጩ፣ «አባት፣ ለልጅ ልጅ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባት። መጀመሪያ ላግኘው።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

ሳቂታው ጋ ሄድኩ። አሁንም ያችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግናል።

«አንተ! በሕይወት አለህ እንዴ?»

«እንደምታየኝ።»

«እኔ እኮ ሞተህ ሳይነግሩኝ ቀርተው ነው ብዬ ተቀይሜ ነበር» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ሲያልቅ ሳቁም አብሮ ቀንሷል።

የመጣሁበትን ስነግረው የያዘውን ሬዲዮ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «የተራራውን የሚያደርስልን ያ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሁልጊዜ የማስረክበው እኔ ስለነበርኩ አንተን አያውቅህም። ለገዛ ልጆቹ ጥቂት ያስቀር ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ያለው» አለኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። «ካገኘኸው ቀጥታ ወደኔ አምጣው። ቺፕ ማንበቢያዬ አልሞተም፤ ቀድተን እናስቀምጠዋለን። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ እንደኛ ነው፣ አይታመንም። መስኮቱን ደግሞ እንዳትከፍተው!»

ሳንወድ ሳቅን። ያኔ የምንጽፍባቸው ቺፖች ሆዳቸው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ነበራቸው፤ ፀሐይ ከገባበት የተጻፈው ሁሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ለዚህ ነው ጻፍ ስናደርግ ወዲያው ስቲከር የምንለጥፍበት። አንድ ጊዜ እሱ ሃምሳ ቺፕ ሳይለጥፍ በረንዳ ላይ አስጥቶ ባዶ አስቀራቸው። እንዲህ ካለ ዝንጉ ጋር አልሠራም ብዬ ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

ባለቤቴ ድምፅ እያጠራቀመች ነው። ቁልፉን ታቅጨለጭላለች፣ መሳቢያውን ከፍታ ዘግታ ሲጢጥ ሲል ታዳምጣለች። የቧንቧውን ጠብታ እንዳልጠግነው ከለከለችኝ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ምን ታደርጊያለሽ ብላት ከታች ያለችውን ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና እያዳመጠች ነው። «ዚፕ ስትሰፋና ጠርዝ ስትሰፋ ይለያያል፤ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት ቀን።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

አገኘሁት!

ሹፌሩ ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል እንጂ ጨዋታ አላቸው። ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ጎትተው አወጡ፤ የአሮጌ አውቶቡስ ቁልፎችና አንድ ቢጫ ካሴት።

«ልጆቼ በዚህች ነገር አብደው ነበር» አሉኝ። «ደግሞ እኮ ለማሸነፍ አይደለም። አንዲት ልጅ አለች እዚህ ውስጥ፤ ስትሸነፍ ታናግርሃለች። እሷን ለመስማት እያወቁ ይሸነፋሉ። ትንሹማ፣ አባዬ እቤታችን እናምጣት ይለኝ ነበር። የማን ልጅ ትሆን?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁንም አልገባኝም። ብነግራቸው ምን ይሆናሉ? አመስግኜ ወጣሁ፤ መንገዱን ሁሉ ኪሴን ይዤ ነው የመጣሁት።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄዳለች። የሥራ ክፍሌን ከውስጥ ቆልፌ ካሴቱን ከፈትኩት። ሽፋን ማንም ስለሚቀይር እኔ ምልክት የማደርገው ስቲከሩ ጀርባ ላይ ነበር፤ «ወ» ለወደብ፣ «ጠ» ለጠረፍ፣ «ተ» ለተራራ፣ ከሥሩ ቀን። ስቲከሩን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጌ አነሣሁት።

«ተ። ሚያዝያ 9።»

የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ቺፑም ትልቁ ነው፤ ያ ዙር ይኼ ነው ማለት ነው። «አባዬ» አለችበት ወይስ የለችበትም የሚለው ግን በማየት አይታወቅም፤ አስገብቶ መሸነፍ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 9። እሷ የሞተችው 14 ነው። ያን ሳምንት ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነበር።

ቺፑ የተበየደበትን ቦርድ ጥርሶች በአልኮል ጠርጌ ቦርዱን የክፍሉ መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። የአልኮል ሽታ ባለቤቴን ራሷን ስለሚያዞራት መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ስቲከሩ ሙጫው ደርቆ አልመለስም አለ። ነገ አዲስ እቆርጥለታለሁ።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ጨርሶ ሄደ። ሰማዩ ታጥቧል።

እኔ ጋ ያለው ማሽን የወደቡ ዓይነት ነው፤ ይፈጥናል። በሱ ካጫወትኩት ድምጿ ይቀጥናል፣ የአራት ዓመት ሕፃን ያስመስላታል። የተራራው የተሠራው ለዘገምተኛው ማሽን ነው። እሷን ከሰማን በራሷ ድምፅ ነው የምንሰማት። ሳቂታው ማሽኑን አፈላልግልሃለሁ ብሏል። «ቺፑንስ መቼ ታመጣዋለህ?» አለኝ። ነገ አልኩት።

ጥቅምት 29፣ እሑድ

ምንም አልሠራሁም። ካሴቱን አየሁት፣ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 2፣ ረቡዕ

ማሽኑ ደረሰ። ሁለት ጆይስቲክ አለው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። አሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ስሞክረው ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ የቀለም ዘዴው አልገጠመም። በእንዲህ ያለ ነገር ላሳያት አልፈልግም። ሌላ ቴሌቪዥን መፈለግ አለብኝ። ድምፁን ለመስማት ቀለም ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል፤ እሱ የራሱን ልጅ በጥቁርና ነጭ ይስማ።

ሃያ አንድ ቀን ቀረ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፍለጋ። የለም። ስመለስ ማሽኑ ሞቆ አገኘሁት። ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ እስከ ጠረጴዛው ትደርሳለች። ሁለቱም ጆይስቲኮች ገመዳቸው ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል፤ መቼ እንደፈታኋቸው እንጃ። ዕቃ እንዲህ አይያዝም። ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ እንግዳ መጥቶላችኋል እንዴ? ቀን ቀን የልጅ ድምፅ እሰማለሁ።»

«የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናላ። እትዬ ግን ሰሞኑን ፊታቸው በራ አይደል? ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ።»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ ጠግባ ትበላለች፤ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ሰው ጆሮው ሊወሰድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ ይሆናል? እኔ ነኝ እዚህ የምነደው።

እራት ላይ፣ «ዛሬ የት ዋልክ?» አለችኝ።

«ሥራ።»

«ነገስ?»

«ሥራ።»

«እሑድ እንኳ ቤት ዋል። አብረን እንቀመጥ።»

እሺ አልኳት።

ጆይስቲኮቹ ዛሬም ተፈትተው ነበር። ጠቅልዬ አስገባኋቸው። እርጅና መጣ፤ የምሠራውን አላውቅም።

ኅዳር 13፣ እሑድ

ወጣሁ። እሺ ብያት ወጣሁ።

ለራሴ እንኳ ካልዋሸሁ፣ ቴሌቪዥኑን ያገኘሁት ዓርብ ነው። የሥራ ክፍሌ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ዛሬ የሄድኩበት ቦታ የለም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሳይ ዋልኩ። ሌላ የተራራ ካሴት ለመጠባበቂያ እፈልጋለሁ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት፤ አንዱን ሳልሞክር ሁለተኛውን!

የምፈራው ሁለት ነገር ነው። «አባዬ»ን ቆርጫት ከሆነ ባለቤቴ ትሰማዋለች፤ ለጣራና ለባልዲ ቦታ ስል የልጄን አፍ መቁረጤን ታውቃለች። ካልቆረጥኳት ደግሞ እኔ እሰማታለሁ።

ስገባ ምሳዬን ከድና አስቀምጣልኛለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ባለቤቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች አገኘኋት።

«ጆሮዬ ቀኑን አልጠበቀም። እየሄደ ነው። ይቆራረጥብኛል።»

«ምኑ ነው የሚቆራረጠው?»

አየችኝ። «የምሰማው ነገር» አለች።

«የኔ ድምፅስ?»

«ያንተማ ደኅና ይሰማል። አንተ መቼ ትናገራለህና።»

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

ሐኪሙ መረመራት። ግራ ጆሮዋ እንደ ባለፈው ወር ነው፤ ፍንክች አላለም። ወረቀቱን ሁለቴ አየ። «እናቴ፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም፤ የተቆራረጠው ሌላ ነገር ይሆናል» አላት። እኔም ግራ ገባኝ። እሷ ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈና ወደኔ ዞረች፤ የምትጠይቀኝ ነገር ያለ ይመስል።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «ያ የሥራ ክፍልህን ዕቃዎች ብታያቸው ጥሩ ነው። ሳይበላሹ» አለችኝ።

«ምን ይሆናሉ?»

«አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አለች። ፊት ለፊታችን አፉን ከፍቶ የተኛ ሰውዬ ነበር።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልጻፈው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከወረቀት የሸሸሁት ነገር ነው።

ሚያዝያ 13፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ለሚነሣው የተራራ አውቶቡስ መቶ ሃያ ካሴት እያሸግሁ ነው። ፌንጣ ካርቶኖቹ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ ትኩሳት ይዟታል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች።

«አርባ ካሴት ቀርቶኛል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ።»

«ዛሬ» አለች።

«ነገ አልኩሽ እኮ!» ጮኽኩባት።

ፌንጣ ሥራ በዝቶብኝ የተበሳጨሁ መስሏት ከፍራሹ ላይ ቀና ሳትል፣ «አይዞህ አባዬ» አለችኝ።

ካሴቶቹን ጨረስኩ። ሳቂታው መጥቶ ወሰዳቸው። ሲነጋ ታክሲው በር ላይ ቆመ፤ እኛ ግን የምናሳፍረው ሰው አልነበረንም። እሷ ስትሞት ድምጿ ተጭኖ ወደ ተራራው እየወጣ ነበር።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ብዬህ ነበር» ብላኝ አታውቅም። አንድም ቀን። እኔም አንስቼው አላውቅም። ካሴት መገልበጥ ተውኩ፣ የቤት ዕቃ ጥገና ጀመርኩ፣ አረጀን።

ማክሰኞ ጠዋት አጫውትላታለሁ። ሐኪም ቤት የምንገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ማክሰኞ፣ ምንም ቢመጣ።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጠራኋት። «ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ።» ወዲያው መጣች፤ ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። የትኛው ወንበር ላይ ልቀመጥ ሳትለኝ ተቀመጠች። መሳቢያውን ከፍታ ሁለቱንም ጆይስቲክ አውጥታ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። እንዴት አወቀች ብዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ቦርዱን ከመስኮቱ ደፍ አንሥቼ አስገባሁት፤ ከፈትኩት።

ግራጫ። ከዚያ ትንንሽ ሣጥኖች፣ ከዚያ የተሰባበረ ፊደል፣ ከዚያ ግራጫ። አውጥቼ ጠረግሁት፣ አስገባሁት። ግራጫ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ድምፅ የለም፤ እንዲያው አንድ ቀጭን ጩኸት።

በሰባተኛው አውጥቼ ገለበጥኩት። ቺፑ ፊቴ ላይ አበራ። መስኮቱ ራቁቱን ነው። ስቲከሩ አንድ ወር ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ባለበት ተቀምጧል፤ አጠገቡ መቀስ፣ አጠገቡ ልጣፍ ወረቀት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ! ሳቂታውን ለሃምሳ ባዶ ቺፕ ሦስት ቀን ያኮረፍኩት ሰውዬ፣ ልጄን በገዛ እጄ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አጠፋኋት። «ነገ እቆርጥለታለሁ» ብዬ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። አንዲትን ልጅ ሁለት ጊዜ!

መሬት ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ድምጿ እዚህ ውስጥ ነበር፣ ከጥቅምት ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፣ አጠፋሁት አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አላለቀሰችም። እጇን ማጅራቴ ላይ አሳረፈችና ቆየች።

«ተነሥ፤ እንዳይረፍድብን» አለች። «በኋላ እናወራለን።»

በኋላ እኮ አትሰማም!

ኅዳር 23፣ ረቡዕ

ከገባች አራት ሰዓት።

ስድስት።

ወጣች። ትተነፍሳለች። ስጠራት ዓይኗን አልገለጠችም፤ ስነካት ገለጠች።

ታኅሣሥ 1፣ ሐሙስ

ቤት ገባን። ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለመነጋገር እህቷ ትንንሽ ወረቀት ቆራርጣ ሰጥታናለች፤ «ውኃ?» «አመመሽ?» «ትራሱን ላስተካክል?» እንጽፋለን። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር በዚያ ወረቀት ላይ አልሆን አለኝ። ጠዋት ይህን ደብተር እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ከመጀመሪያው ገጽ።

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። እኔ ዕቃ አጠብኩ፣ ወለል ጠረግሁ፣ ያልቆሸሸ ወለል ደግሜ ጠረግሁ። ስጨርስ እስክሪብቶ አስመጣችና እዚህ ሥር ጻፈች። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሷ ጽሑፍ ነው።

*አነበብኩት። ጽሑፍህ የዶሮ ጭረት ነው፤ ቢሆንም አነበብኩት።*

*ካሴቱን ያገኘሁት ማሽኑ በመጣ ማግሥት ነው። ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ስትሠራ ያየሁ ሰው፣ ማስገባት ያቅተኛል? በጥቁርና ነጭ ነው ያየሁት፤ ቀለም አላማረኝም። ጨዋታ አልችልም፣ እሱ ጠቀመኝ። ዘጠኝ ጊዜ ስሞት ዘጠኝ ጊዜ አናገረችኝ። አጥፍቼ እንደገና እከፍታለሁ። አንተ በወጣህ ቁጥር። ጠገብኳት ልበልህ? አይጠገብም። ግን ይዣታለሁ፤ አሁን ይህ ሁሉ ጸጥታ መጥቶ እንኳ አልጠፋችም።*

*መጨረሻ ላይ ድምጿ ሲቆራረጥ ጆሮዬ ነው ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙ ጆሮሽ ደኅና ነው ሲለኝ ካሴቱ መሆኑ ገባኝ፤ ምክንያቱን ግን አላወቅሁም። ላንተ ነገርኩህ። አልሰማህም።*

*አልቆረጥካትም። «አይዞህ አባዬ፣ እንደገና!» ነው የምትለው፣ ሁሉንም። «አባዬ» ስትል ትንሽ ትስቃለች። ይህን አንተ ነበርክ መስማት የነበረብህ።*

*ዛሬ ብዬህ ነበር፤ አልረሳሁትም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል እንድትነግረኝ ጠበቅሁህ። ደብተሩ ውስጥ ሁሉ አለ፤ ስለ ቺፕ አለ፣ ስለ ሳቂታው አለ፣ ስለ ራስህ አለ። ለኔ የተጻፈ አንድ መስመር ግን አጣሁበት።*

*ሁለተኛውን ጆይስቲክ የማወጣው ላንተ ነበር። ቁጭ ብለህ አብረን እንድንሸነፍ። አንተ ግን በመጣህ ቁጥር ጠቅልለህ መሳቢያ ትከተዋለህ።*

እስክሪብቶውን እጄ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «ደክሞሻል፤ ነገ እጽፍልሻለሁ» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬን አየችና ደብተሩን ወደኔ ገፋችው።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው።